መኪና ዝቅ ካለ በኋላ አላይመንት ማስተካከል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አጭር ሞላ የገባለት መኪና ከጋራዥ ሲወጣ ያምራል። ችግሩ የሚመጣው ከወራት በኋላ ነው፤ የፊት ጎማዎቹ ከውጭ ሲታዩ ደህና መስለው በውስጥ ጠርዛቸው ሽቦ ያወጣሉ። ባለቤቱ ጎማ ሻጩን ይወቅሳል፣ ጎማ ሻጩ መንገዱን ይወቅሳል፣ አላይመንት (የጎማዎችን አቀማመጥና የሚያዩበትን አቅጣጫ ማስተካከል) የሠራው ደግሞ ካምበሩን፣ ማለትም የጎማውን ማጋደል። እዚህ የተሰበሰቡት መኪናቸውን ዝቅ ያደረጉ ወይም ለማድረግ ያሰቡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። መኪናቸው በእርጅና ዝቅ ያለባቸውም አልተረሱም።

መኪናዬን ያወረድኩት በ3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። አላይመንት የግድ ያስፈልጋል?

አዎን፣ በ3 ሴንቲ ሜትርም ያስፈልጋል። ጎማው ከመኪናው አካል ጋር የተያያዘው በሚወጣና በሚወርድ ክንድ ነው። የክንዱ አንደኛው ጫፍ ታስሮ ሌላው ጫፍ ስለሚንቀሳቀስ የጎማው ጉዞ ቀጥ ያለ መስመር ሳይሆን ቅስት ነው። ክንዱ 35 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ቢኖረው፣ መኪናው 3 ሴንቲ ሜትር ሲወርድ ክንዱ ወደ 5 ዲግሪ ገደማ ዞሯል ማለት ነው። ከመሪው ሳጥን ወደ ጎማው የሚሄደው የመሪ ዘንግ ደግሞ ርዝመቱም መነሻውም ሌላ ስለሆነ የራሱን ቅስት ይሠራል። ሁለቱ ቅስቶች የሚጣጣሙት መኪናው ፋብሪካው ባሰበለት ቁመት አካባቢ ሲሆን ነው። ከዚያ ሲወርድ አንዱ ሌላውን ይገፋዋል ወይም ይጎትተዋል፤ ጎማው የሚያይበት አቅጣጫም ይቀየራል። መሪውን የያዘው ሰው ምንም ላይሰማው ይችላል፤ ጎማው ግን በየሜትሩ ይሰማዋል።

ካምበር፣ ካስተርና ቶ የሚባሉት ምንድን ናቸው?

ከመኪናው ፊት ለፊት ቆመው ሲመለከቱ ጎማው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ያጋደለበት ልክ ካምበር ነው። አናቱ ወደ ሞተሩ ካጋደለ ኔጋቲቭ፣ ወደ ውጭ ካጋደለ ፖዘቲቭ ይባላል። ቶ የሚታየው ከላይ ነው፤ የሁለቱ ጎማዎች የፊት ጠርዝ ከኋላ ጠርዛቸው ይልቅ ከተቀራረበ ቶ ኢን፣ ከተራራቀ ቶ አውት ነው። ካስተር ደግሞ ከጎን ሲታይ መሪው የሚዞርበት መስመር ወደ ኋላ ያጋደለበት ልክ ነው፤ ከታጠፉ በኋላ መሪውን ወደ መሃል የሚመልሰው በዋናነት እሱ ነው።

መኪና ሲወርድ ካስተር ብዙ አይናወጥም። ፊቱ ከኋላው የበለጠ ከወረደ ግን መላው አካል ወደ ፊት ስለሚደፋ ካስተሩ በመጠኑ ይቀንሳል። ካምበር በሚታይ መጠን ይቀየራል። በዓይን የማይታየውና ገንዘብ የሚያስከፍለው ቶ ነው።

ጎማዬ በውስጥ በኩል እየተበላ ነው። ጥፋቱ የካምበሩ ነው አይደል?

ይህ ከሁሉም በላይ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው፤ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ «አይደለም» ነው።

ካምበር ስለሚታይ በቀላሉ ይከሰሳል። አናቱ ወደ ውስጥ የገባ ጎማ ክብደቱን በውስጥ ጠርዙ ላይ አብልጦ ይሸከማል፣ ስለዚህ ያ ጠርዝ ቶሎ ማለቁ ያሳምናል። ነገር ግን ወደ ውስጥ ያጋደለ ጎማ ቀጥ ብሎ እስከተንከባለለ ድረስ ይንከባለላል እንጂ አይፋቅም። አንድ ዲግሪ ተኩል ወይም ሁለት ዲግሪ ኔጋቲቭ ካምበር ያላቸው፣ ቶአቸው ግን የተስተካከለ መኪናዎች ጎማቸውን በሚያሳዝን ፍጥነት አይጨርሱም።

የቶ ስሕተት ሌላ ነገር ነው። ጎማው ወደ አንድ አቅጣጫ እያየ መኪናው ወደ ሌላ አቅጣጫ ይጎትተዋል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ አንድ ጎማ ግማሽ ዲግሪ ብቻ ወደ ውጭ ቢያይ፣ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ጉዞ ወደ 9 ሜትር ገደማ በጎኑ የተጎተተ ያህል ነው። አዳማ ደርሶ ለሚመለስ ሰው ይህ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። መኪና በጎኑ አንድ ኪሎ ሜትር አስፋልት ላይ ቢጎትቱት ጎማው ምን እንደሚሆን ማሰብ አያስቸግርም።

ሁለቱ ሲደመሩ ነው ነገሩ የሚከፋው። ካምበሩ ክብደቱን ወደ ውስጥ ጠርዝ ያዞራል፣ ቶ አውቱ ደግሞ ያንኑ ጠርዝ ይፍቀዋል። ስለዚህ ካምበሩን ሳይነኩ ቶውን ብቻ ቢያስተካክሉ እንኳ የጎማው ዕድሜ በግልጽ ይረዝማል። ካምበሩን አስተካክለው ቶውን ከተዉት ግን ገንዘብዎን አባክነዋል።

የትኛው እንደሆነ በእጅዎ መዳፍ ማወቅ ይችላሉ። መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ መዳፍዎን በጎማው ጥርስ ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ቀጥሎም ከውስጥ ወደ ውጭ ያንሸራቱ። በአንዱ አቅጣጫ ለስላሳ ሆኖ በሌላው እንደ መጋዝ የሚይዝ ከሆነ የቶ ስሕተት አለ። ከውጭ ወደ ውስጥ ሲሄዱ የሚይዝዎት ከሆነ ቶ አውት፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ሲሄዱ ከሆነ ቶ ኢን ነው። በሁለቱም አቅጣጫ ለስላሳ ሆኖ አንዱ ጠርዝ ብቻ ካለቀ ያን ጊዜ ካምበሩን ይጠርጥሩ። ሽቦ የወጣ ጎማ ላይ ግን ይህን አይሞክሩ፤ እጅ ይቆርጣል።

ሞላው ከተቀየረ በኋላ ወዲያው ልሂድ ወይስ እስኪቀመጥ ልጠብቅ?

አዲስ ሞላ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ትንሽ ይወርዳል። በዚህ ምክንያት «ሺህ ኪሎ ሜትር ነድተህ ና» የሚል ባለሙያ አለ። ሙሉ በሙሉ ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን ቶው ክፉኛ ከተዛባ ሺህ ኪሎ ሜትር አዲስ ጎማን ለማበላሸት ይበቃል። የሚሻለው ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው። ሞላው በገባበት ዕለት ወይም በማግሥቱ ቶው ወደ ዜሮ አካባቢ ይምጣ፤ ይህ የመሪ ዘንግ ማዞር ብቻ ስለሆነ ጊዜ አይፈጅም። ከ500 እስከ 1000 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ደግሞ ሙሉው አላይመንት በማሽን ይሠራ።

ወደ አላይመንት ከመሄዴ በፊት ምን ማየት አለብኝ?

አላይመንት የመጨረሻ ሥራ ነው፤ ያረጀ ዕቃ አይጠግንም። ቦል ጆይንቱ (ክንዱን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው መገጣጠሚያ) ከላላ፣ የመሪው ዘንግ ጫፍ ከተጫወተ፣ ኩሽኔታው ከጮኸ፣ ማሽኑ ላይ የተገኘው ቁጥር ከበሩ ሲወጡ የለም። የጎማው ነፋስ በአራቱም ልክ ይሁን፣ ቸርኬው የተጣመመ እንዳይሆን ይታይ፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ከወር በፊት የተረሳው የሲሚንቶ ከረጢት ይውጣ።

ከሁሉም በላይ ግን ስለ ቦኮላዎቹ ይጠይቁ። ይህ በብዙ ጋራዦች የሚታለፍ ስለሆነ ዘርዘር ማድረግ ይገባዋል። ክንዶቹ ከአካሉ ጋር የሚያያዙበት ቦኮላ ውስጡ ጎማ ነው። ይህ የቦኮላው ጎማ የሚንቀሳቀሰው እንደ ኩሽኔታ በመንሸራተት ሳይሆን በመጠማዘዝ ነው፤ ቡሎኑ በየትኛው ቁመት ከጠበቀ ያን ቁመት «መሃል» ብሎ ይይዘዋል። መካኒኩ መኪናውን በክሪክ አንሥቶ፣ ጎማዎቹ ተንጠልጥለው ሳሉ ቡሎኖቹን ካጠበቃቸው፣ መኪናው መሬት ሲነካ ቦኮላው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተጠማዝዞ ይኖራል። ውጤቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የተጠማዘዘው የቦኮላ ጎማ እንደ ተጨማሪ ሞላ ስለሚሠራ መኪናው በሚገባው ልክ አይወርድም፣ ግራና ቀኙም ይለያያል። ሁለተኛ፣ ቦኮላው በወራት ውስጥ ይቀደዳል፣ አላይመንቱም አብሮት ይሄዳል።

መፍትሔው ነፃ ነው ለማለት ይቻላል፦ መኪናው መሬት ላይ ወይም ጎማዎቹ በሚያርፉበት ማንሻ ላይ ቆሞ የክንዶቹን ቡሎኖች ማላላት፣ መኪናውን ከፊትና ከኋላ እየተጫኑ ማወዛወዝ፣ ከዚያ በቆመበት ቁመት ማጥበቅ። ሞላ የቀየረልዎትን ሰው «ቡሎኖቹን ያጠበቅካቸው የት ላይ ቆሞ ነው?» ብለው ይጠይቁት። ጥያቄው ካልገባው መልሱን አግኝተዋል።

አላይመንት ቤቱ «የዚህ መኪና ካምበር አይስተካከልም» አለኝ። እውነት ነው?

ከፋብሪካው እንደወጣ ከሆነ ለብዙ መኪና እውነት ነው። እንደ መኪናው አሠራር ግን መውጫው ይለያያል።

በከተማችን ከሚበዙት እንጀምር። ቶዮታ ቪትዝ ፊቱ ላይ ማክፈርሰን የሚባለው አሠራር አለው፤ ሾክ አብዞርበሩ ራሱ የጎማውን የላይኛ ድጋፍ ይተካል። በዚህ አሠራር ፋብሪካው ለማስተካከያ የሚተወው አብዛኛውን ጊዜ ቶውን ብቻ ነው። ሾክ አብዞርበሩን ከታች ከሚይዙት ሁለት ቡሎኖች የላይኛውን አውጥቶ ወገቡ ወጣ ያለ የካምበር ቡሎን ማስገባት ይቻላል፤ ሲዞር ጎማውን ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ይገፋል፣ እንደ ዓይነቱም ከአንድ ዲግሪ እስከ አንድ ዲግሪ ተኩል በላይ ይሰጣል። የሾክ አብዞርበሩን የላይኛ መቀመጫ በሚንሸራተት መቀየርም አለ፤ ነገር ግን ብረት በብረት ስለሚሆን በኮብልስቶን መንገድ ላይ ድምፁ ያሰለቻል። የቡሎኑን ቀዳዳ በሞረድ ማስፋት የሚባለውን አልመክርም፤ ቡሎኑ ከተንሸራተተ ጎማው በድንገት ያጋድላል።

የቪትዝ የኋላ ክፍል ቶርሽን ቢም ነው፤ ሁለቱን ጎማዎች አንድ ብረት ያገናኛቸዋል። ሁለቱም እኩል ስለሚወርዱ ካምበሩም ቶውም ብዙ አይቀየርም፣ የሚዞር ማስተካከያም የለውም። ማሽኑ ኋላ ላይ ትልቅ ስሕተት ካሳየ ሞላው ሳይሆን ብረቱ የተመታ ነው የሚል ጥርጣሬ ይያዝዎ። ትንሹን ስሕተት ከጎማው መቀመጫ ጀርባ በሚገባ ስስ ሽብልቅ ማረም ይቻላል።

ዲኤክስ የሚባለው የድሮ ኮሮላ በወጣቶች እጅ ብዙ ጊዜ ይወርዳል። የኋላው ሙሉ አክስል ስለሆነ ካምበርና ቶ አይለወጡበትም፤ ነገር ግን አክስሉን በጎን የሚይዘው አግድም ዘንግ ስላለ መኪናው ሲወርድ አክስሉ ወደ አንድ ወገን ይገፋል። አንዱ የኋላ ጎማ ከመከላከያው ወጥቶ ሌላው ገብቶ ካዩ ምክንያቱ ይህ ነው፤ ርዝመቱ የሚስተካከል ዘንግ ይገባለታል። ላዳም ኋላው ተመሳሳይ ባሕርይ አለው፤ ፊቱ ግን ለአላይመንት ሠራተኛ የተመቸ ነው። የታችኛው ክንድ ከአካሉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ስስ ብረቶች ይደረደራሉ፤ ከሁለቱም ቡሎን እኩል ሲቀነስ ጎማው ወደ ፖዘቲቭ ይሄዳል፣ ሲጨመር ወደ ኔጋቲቭ። የድሮዎቹ ታክሲዎች ይህን ያህል ዘመን በመንገድ ላይ መቆየታቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከ1988 እስከ 2000 እ.ኤ.አ. የተሠሩት ሆንዳ ሲቪኮች ከላይም ከታችም ክንድ አላቸው። በዚህ አሠራር መኪናው ሲወርድ ኔጋቲቭ ካምበሩ በፍጥነት ይጨምራል፤ አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን በእነዚህ መኪኖች ሲጫወቱ ርዝመቱ የሚስተካከል የላይኛ ክንድ የሚገዙት ለዚህ ነው። ቶው ከተስተካከለ ግን ብዙዎቹ ባይገዙትም ይሆናል።

ስንት ዲግሪ ላይ ይቀመጥ?

ለዕለት ተዕለት መንገድ፣ በመጠኑ ለወረደና የፊት ጎማው ለሚገፋ መኪና የሚከተለው ይበቃል፦ የፊት ካምበር ከዜሮ ተነሥቶ እስከ 1.5 ዲግሪ ኔጋቲቭ፣ የፊት ጠቅላላ ቶ ከዜሮ እስከ 10 ደቂቃ ኢን፣ የኋላ ጠቅላላ ቶ ትንሽ ኢን። ደቂቃ ስንል የማዕዘን ደቂቃ ነው፤ 60ው አንድ ዲግሪ ይሆናል። የኋላ ቶ ወደ አውት እንዳይሄድ፤ በፍጥነት ላይ መኪናውን ያቅበዘብዛል።

ከቁጥሩ ይበልጥ የግራና የቀኙ መመጣጠን ይፈለጋል። በሁለቱ የፊት ጎማዎች መካከል የካምበርም የካስተርም ልዩነት ከግማሽ ዲግሪ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ሁለቱም ጎማ 1.8 ቢሆን ከአንዱ 0.5 ከሌላው 1.5 ይሻላል፤ የመጀመሪያው መኪና ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ሁለተኛው ይስባል።

የሥራው ቅደም ተከተልም ውጤቱን ይወስነዋል። መጀመሪያ ኋላው፣ ከዚያ ፊቱ፤ ፊቱ ላይ መጀመሪያ ካስተርና ካምበር፣ መጨረሻ ላይ ቶ። ካምበር በተነካ ቁጥር ቶ ስለሚቀየር ተገላቢጦሹ ድካም ብቻ ነው።

ማሽኑ ሁሉንም አረንጓዴ አሳይቷል፤ መሪዬ ግን ጠሟል፣ መኪናውም ይስባል።

አረንጓዴ ማለት ቁጥሩ ፋብሪካው ከፈቀደው ወሰን ውስጥ ገብቷል ማለት ብቻ ነው። ወሰኑ ሰፊ ስለሆነ ግራው በአንዱ ጫፍ ቀኙ በሌላው ጫፍ ላይ ሆኖም አረንጓዴ ይበራል። የታተመውን ወረቀት ይጠይቁ፣ ከመሠራቱ በፊትና በኋላ ያለውን ቁጥር ራስዎ ያንብቡ። ወረቀት የማይሰጥ ቤት ሌላ ጊዜ አይመለሱበት።

መሪው ከጠመመ ምናልባት ሠራተኛው መሪውን መሃል ላይ ሳያስር ቶውን አስተካክሏል። ማረሚያው ሁለቱን የመሪ ዘንጎች እኩል ማዞር ነው፤ አንዱ በረዘመው ልክ ሌላው ሲያጥር ጠቅላላው ቶ ሳይነካ መሪው ወደ መሃል ይመጣል። ሌላው ምክንያት የኋላ አክስሉ ወደ ጎን ማየቱ ነው፤ ፊቱ ቢስተካከልም መኪናው ገደድ ብሎ ይሄዳል።

መሳብ ግን ሁልጊዜ የአላይመንት ጉዳይ አይደለም። የምንነዳው በቀኝ በኩል ነው፣ መንገዱም ውኃ እንዲወርድ ወደ ቀኝ ዳር ስለሚያዘቀዝቅ መኪና በመጠኑ ወደ ቀኝ መሄዱ የተለመደ ነው። ከዚያ ያለፈ ከሆነ ሁለቱን የፊት ጎማዎች ግራና ቀኝ አቀያይሩ፤ አቅጣጫ ያለው ጎማ ከሆነ ለሙከራው ያህል ብቻ፣ በዝግታ እየነዱ። መሳቡ አቅጣጫውን ከቀየረ ጥፋቱ የጎማው ነው። ካልቀየረ፣ መኪናው ይበልጥ ፖዘቲቭ ካምበር ወዳለበትና ካስተሩ ወዳነሰበት ወገን እንደሚስብ ያስታውሱ። መንቀጥቀጥ ደግሞ የባላንስ ነገር ነው፤ ለእሱ ወደ አላይመንት አይሂዱ።

የመሪ ማዕዘን የሚለካ ሴንሰር ያለው መኪና ከሆነ ቶው ከተነካ በኋላ ሴንሰሩ በኮምፒውተር ወደ ዜሮ ይመለስ፤ አለበለዚያ የማረጋጊያው መብራት ሊበራ ይችላል።

ጉብታ ላይ ስወጣ መሪው ራሱ ይወራጫል። ከማውረዴ በፊት እንዲህ አልነበረም።

ከላይ የተነገሩት ሁለት ቅስቶች እዚህ ላይ ይገለጣሉ። መኪናው ቆሞ ቶው ትክክል ነው፤ ጎማው ሲወጣና ሲወርድ ግን የመሪው ዘንግና ክንዱ ስለማይስማሙ ቶው በየጉብታው ይቀያየራል። ይህን የትኛውም አላይመንት አያጠፋውም፣ ማሽኑ የሚለካው የቆመ መኪና ነውና። የመሪውን ዘንግ ጫፍ ዝቅ የሚያደርግ መሸጋገሪያ፣ ወይም ረዘም ያለ አንገት ያለው ቦል ጆይንት ክንዱን ወደ አግድም ይመልሰዋል። ዕቃው ለመኪናዎ ከሌለ የሚቀረው መኪናውን አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር መልሶ ማንሣት ነው።

በማክፈርሰን ላይ የታችኛው ክንድ ከአግድም አልፎ የጎማው ጫፍ ወደ ላይ ከተነሣ ሌላም ነገር ይበላሻል፦ መኪናው ዝቅ ብሎ ሳለ በመታጠፊያ ላይ ከበፊቱ ይበልጥ ማጋደል ሊፈልግ ይችላል። ለአነዳድ ብለው ያወረዱ ሰዎች የማይጠብቁት ውጤት ነው።

አዲስ ሞላ ከምገዛ ያለውን ባስቆርጠውስ?

አይሆንም። የተቆረጠ ሞላ ይደርቃል፣ ጎማው ሲንጠለጠል ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል፣ ግራና ቀኙንም በትክክል እኩል መቁረጥ ያስቸግራል። በእሳት አሙቆ ማውረድ ከዚህም ይብሳል፤ የብረቱ ጥንካሬ ይጠፋል፣ መኪናውም በየወሩ ስለሚወርድ አላይመንት የሚያዝበት ቁመት አይኖረውም።

ማሽን በሌለበት ቦታ ቶን በክር መለካት ይቻላል?

ይቻላል፣ ታጋሽ ሰው ከማሽኑ ብዙም የማይርቅ ውጤት ያገኝበታል። ደልዳላ ወለል፣ አራት መቆሚያ፣ ሁለት ክርና የብረት ማስመሪያ ይበቃል።

መሪውን መሃል ላይ አድርገው እንዳይዞር ይሰሩት። በመኪናው ግራና ቀኝ፣ በጎማው መሃል ቁመት፣ ከፊት እስከ ኋላ ክር ይወጥሩ። ሁለቱ ክሮች ከመኪናው ጋር ትይዩ መሆን አለባቸው፤ ከክሩ እስከ ፊት ጎማው መሃል ያለው ርቀት በግራና በቀኝ እኩል ይሁን፣ ከክሩ እስከ ኋላ ጎማው መሃል ያለውም እንዲሁ። በፊት ጎማዎች መካከልና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ስፋት በብዙ መኪና ስለማይገጥም የፊቱና የኋላው ቁጥር መለያየቱ አያስደንግጥዎ፤ ግራና ቀኙ ነው እኩል መሆን ያለበት።

አሁን ከክሩ እስከ ቸርኬው የፊት ጠርዝና እስከ ኋላ ጠርዝ ይለኩ። የፊቱ ርቀት ከኋላው ከበለጠ ጎማው ወደ ውስጥ ያያል፣ ካነሰ ወደ ውጭ። ባለ 15 ቁጥር ቸርኬ ላይ የ1 ሚሊ ሜትር ልዩነት ወደ 9 ደቂቃ ገደማ ነው። ለማስተካከል የመሪውን ዘንግ ማጥበቂያ ዳዶ አላልተው ዘንጉን ያዞራሉ፤ በትናንሽ መኪኖች ሩብ ዙር የአንድን ጎማ ቶ ወደ 10 ደቂቃ ገደማ ይለውጣል። ስለዚህ ሙሉ ዙር ለማዞር የሚያስገድድ ምክንያት ካጋጠመዎት ልኬትዎን መጀመሪያ ይጠርጥሩ።

ወጥመዱ አንድ ነው። ጎማው መሬቱን ነክሶ ስለሚይዝ ዘንጉ ሲዞር ሙሉ በሙሉ አይከተልም። በእያንዳንዱ የፊት ጎማ ሥር በመሃላቸው ዘይት የተቀባ ሁለት ላስቲክ ያንጥፉ፤ ካልሆነ ከእያንዳንዱ ማስተካከያ በኋላ መኪናውን ጥቂት ሜትር ወደ ኋላና ወደ ፊት እያስኬዱ እንደገና ይለኩ።

እኔ መኪናዬን አላወረድኩም፤ ሞላው ነው የደከመው። ከፍ ያደረጉትስ?

ክንዱ ለምን እንደወረደ አይጠይቅም። በጭነትና በዕድሜ የተኛ ሞላም ያንኑ ያደርጋል፤ በአብዛኛው ደግሞ አንዱ ወገን ይበልጥ ስለሚተኛ መሳብ ያስከትላል። በመጀመሪያ ሞላውን በጥንድ ይቀይሩ፣ ከዚያ አላይመንት።

እውነቱን ለመናገር በእኛ መንገድ መኪናውን የሚያወርደው ሳይሆን ከሞላው በላይ የጎማ ድጋፍ አስገብቶ የሚያነሣው ይበዛል። ለእሱም አላይመንት ያስፈልገዋል፤ ካምበሩ ወደ ፖዘቲቭ ይሄዳል፣ ቶውም እንዲሁ ይቀየራል፣ ውጫዊው ጠርዝ ይበላል።

የኤሌክትሪክ መኪና ማውረድስ?

ባትሪው ወለሉ ሥር ተዘርግቷል። አንዳንዱ ቀለም ከቀን ብዛት የጠፋበት ጉብታ ባለበት ከተማ ያን ወለል ወደ አስፋልት ማቅረብ ለእኔ ትርጉም አይሰጠኝም። ያም ሆኖ ያወረደ ሰው ሁለት ነገር ይወቅ። መኪናው ከባድ ስለሆነና ከቆመበት በኃይል ስለሚነሣ የቶ ስሕተት ጎማውን የሚጨርሰው ይበልጥ ፈጥኖ ነው። የመንገድ መስመር የሚያነብ ካሜራ ካለው ደግሞ ቁመቱ ከተቀየረ በኋላ ካሜራው እንደገና መለካት አለበት።

ለቦሎ ምርመራ ችግር ይፈጥራል?

ከማውረድዎ በፊት ለምርመራ የሚሄዱበትን ጣቢያ ይጠይቁ፤ ከወረደ በኋላ መከራከር አይመችም። የፊት መብራቱን ግን በማንኛውም ሁኔታ ያስተካክሉ። ፊቱ ብቻ ከወረደ መብራቱ መሬት ያያል፣ ኋላው ብቻ ከወረደ የሚመጣውን ሾፌር ያሳውራል። ጀርመን ያሉ አንባቢዎች ሥራቸው ከበድ ይላል፦ አጭር ሞላ አብዛኛውን ጊዜ ከማረጋገጫ ወረቀቱ ጋር ለቴክኒክ መርማሪ ቀርቦ መጽደቅ አለበት፣ መርማሪውም የአላይመንቱን ወረቀት ሊጠይቅ ይችላል።

በውስጥ በኩል የተበላውን ጎማ ጎሚስታ ዘንድ ወስጄ በቸርኬው ላይ ባስገለብጠውስ?

ጥሩ ዘዴ ነው፣ ሁኔታው ከፈቀደ። ጥርሱ በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት የሆነና የመሽከርከሪያ ቀስት የሌለው ጎማ ያለ ችግር ይገለበጣል፤ ያላለቀው ጠርዝ ወደ ውስጥ ይገባል። ቀስት ያለው ጎማ ተገልብጦ ወደ መኪናው ሌላኛው ጎን መሄድ አለበት፣ ካልሆነ ወደ ኋላ ይሽከረከራል። በጎኑ ላይ የውጭ ወገኑ የተጻፈበት ጎማ ግን አይገለበጥም። ሽቦው ወይም ጨርቁ ከታየ ምንም ዓይነት ጎማ ይሁን ይጣል። ከተገለበጠ በኋላ ባላንስ ይሠራለት፤ ቶው ካልተስተካከለ ደግሞ አዲሱ የውስጥ ጠርዝም በተመሳሳይ ፍጥነት ያልቃል።